ማንጎ ለታማሚ ብቻ ነው እንዴ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከደሴ ነው። ትንሽ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«አሰላሙ አለይኩም። ባለቤቴ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ከደሴ ወልዲያና ቆቦ ይመላለሳል። ዕድሜው 46 ነው። በቅርቡ ራሱን አዞረውና ሲመረመር ደም ግፊት አለብህ ተባለ፣ ክኒንም ታዘዘለት። ሐኪሙ ‹ጨው ቀንስ፣ አትክልትና ፍራፍሬ አብዛ› አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ሰላም የለውም። ጎመን ስሠራለት ‹እኔ በሬ ነኝ እንዴ?› ይለኛል። ፍራፍሬ ስገዛ ልጆቹ አንድ ቀን ይበሉና ይተውታል። ይበሰብሳል፣ ገንዘቡ ያንገበግበኛል። ልጆቻችን 6 እና 11 ዓመታቸው ነው። አማቴም አብረውን ይኖራሉ። ‹ቅጠል የበላነው ሲቸግረን ነው፤ ልጄን ምን አግኝቶት ነው ቅጠል የሚበላው?› ይላሉ። አሁን ደግሞ አንድ ጓደኛው ‹ጎመኑን ተወውና የቪታሚን ዱቄት ግዛ› ብሎታል። ዋጋው ያስደነግጣል። ምን ይሻለኛል? የሾፌሩ ሚስት፣ ከሰኞ ገበያ አካባቢ።»

እህቴ፣ ወአለይኩም ሰላም። አብሽሪ፣ የሚያቅት ነገር አይደለም።

ባለቤትሽ ጎመን ጠልቶ ብቻ የተናገረ አይመስለኝም። ፈርቷል። ታሞ የማያውቅ ሰው በ46 ዓመቱ ክኒን ሲጀምር ይደነግጣል። በዚያ ላይ ምግቡ ተለየበት። እኛ ዘንድ ምግቡ የሚለይበት ሰው ደግሞ ማን ነው? ታማሚ ነው።

እስቲ ልብ በይ። ወሎ ውስጥ ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል ተንጠልጥሎ ሲሄድ ብታዪ መጀመሪያ የምትጠይቂው «ማን ታመመ?» ብለሽ ነው። ፍራፍሬ የጥየቃ ዕቃ ሆኖ ቀርቷል። ባለቤትሽ ራሱ በመርሳ ሲያልፍ ለተኛ ዘመድ ስንት ጊዜ ማንጎ ገዝቶ ይሆናል! ለራሱ ግን ትዝም አይለው። አሁን አንቺ ለብቻው አጥበሽ፣ ልጠሽ፣ በሳህን ስታቀርቢለት «ተኛ፣ ታመሃል» ያልሽው ያህል ነው የሚሰማው።

ስለዚህ «የእሱ ምግብ» የሚባለውን ነገር ከቤትሽ አውጪው። ለእሱ ብለሽ ጎመን አትሥሪ። ለቤቱ ሥሪ። እኩል ቅረቡ፣ ከአንድ ትሪ ብሉ፣ ስለ ደም ግፊት በማዕድ ላይ አታንሺ። ልጆቹም አማትሽም የሚበሉትን ምግብ እሱ ለብቻው «በሬ ነኝ እንዴ» ብሎ የሚከራከርበት ምክንያት አይኖረውም።

ሐኪሙ ያለው ነገር ለወጉ ያህል የሚባል ምክር እንዳይመስልሽ። በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ «ዳሽ» የተባለ ጥናት ታትሞ ነበር። አትክልት፣ ፍራፍሬና ቅባቱ የተቀነሰ የወተት ተዋጽኦ የበዛበት ምግብ ሲመገቡ የቆዩ የደም ግፊት ታማሚዎች የላይኛው ቁጥራቸው በአማካይ በ11 ያህል ወርዷል። የሚበሉት ጨው አልተቀነሰም፣ ክብደታቸውም አልተለወጠም። ለውጡ የታየውም በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ይህን ለባለቤትሽ ንገሪው። ሾፌር ሰው ቁጥር ይወዳል። ግፊቱን ዛሬ ይለካ፣ ይጻፈው፣ ከወር በኋላ ደግሞ ይለካና ያስተያየው።

ክኒኑን ግን በጎመን ተክቶ እንዳይጥል። ይህ ቀልድ የለውም። ቁጥሩ ቢወርድም መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው። አንድ ሌላ ነገርም ሐኪሙን ይጠይቅልሽ፤ ኩላሊቱ ተመርምሯል ወይ? አትክልትና ፍራፍሬ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን አላቸው። ግፊትን ከሚያወርዱት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ፖታሲየም ሊከማችበት ይችላል። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የግፊት መድኃኒቶችም ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ ያቆያሉ። ኩላሊቱ ደህና ከሆነ ማንጎና ሙዝ የሚያስፈራው ነገር የለም።

ስንት ይበላ? የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል። ድንችና ስኳር ድንች እዚህ ውስጥ አይቆጠሩም። ድንች ወጥ ሠርተሽ «አትክልት አበላሁ» ማለት አይቻልም፣ ይቅርታ። ሽሮና ምስርም ጥሩ ምግቦች ናቸው፣ ጎመንን ግን አይተኩም። የተላጠ መካከለኛ ሙዝ 100 ግራም ያህል ይመዝናል። ብርቱካን ከዚያ ትንሽ ይበልጣል። አንድ ደህና ቲማቲም 100 ግራም ይጠጋል። ሙዙን ጠዋት በላ፣ ቲማቲሙን ምሳ ላይ ከቃሪያ ጋር፣ ብርቱካኑን ከሰዓት፣ ማታ አንድ ጭልፋ ጎመን ጨመረበት፤ 400ው ሞላ። ወጥሽ ውስጥ ያለው ሽንኩርትም ይቆጠራል።

ይህን ሁሉ የምናሟላ ግን ጥቂቶች ነን። በ2015 እ.ኤ.አ. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ100 አዋቂ ኢትዮጵያውያን ከ95 በላይ የሚሆኑት ከሚመከረው መጠን በታች ነበር የሚበሉት። ስለዚህ የእናንተ ቤት ከሌላው የተለየ ጥፋት የለበትም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ ያንገበገበሽ እሱ ነውና። አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። እናንተ ያላችሁት ፍራፍሬ ደጃፍ ላይ ነው። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ጎመኑ፣ ካሮቱ፣ ጥቅል ጎመኑ ብርድ ይወዳል። ሐረጎን ወርደሽ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄጂ ኮምቦልቻ ነሽ፣ ቆላው ከዚያ ይቀጥላል። በሰሜን በኩል ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ እያለ መንገዱ ወደ ፍራፍሬ አገር ነው የሚወስደው። ይህን መንገድ ባለቤትሽ በመሪው ላይ ሆኖ ያውቀዋል። አንቺ ግን ከሰኞ ገበያ ቸርቻሪ ትገዢያለሽ፤ የመጫኛው፣ የአትራፊው፣ የብልሽቱም ሂሳብ ያንቺ ላይ ያርፋል።

ገዢው እሱ ይሁን። ከወልዲያ ሲመለስ መርሳ ላይ ይቁም፣ እሱ ይምረጥ፣ እሱ ይከራከር። ወንድ ልጅ መርጦ፣ ተከራክሮ፣ በርካሽ ያመጣውን ማንጎ «አልበላም» ሲል አላየሁም። እንዲያውም «ይቺን ቅመሱ፣ ከየት እንዳመጣኋት!» እያለ ያዞራችኋል።

ሁሉንም የበሰለ እንዳያመጣ ግን ምከሪው። መበስበሱ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሙዝና አቮካዶ ከተቆረጡ በኋላም ይበስላሉ። ግማሹን ጠንካራ፣ ግማሹን ለነገ የሚደርስ ያምጣ። ብርቱካን ግን ከዛፉ ከወረደ በኋላ አይበስልም፤ ጎምዛዛ ከሆነ ጎምዛዛ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቀምሶ ይግዛ። ደሴ ብርድ ስለሆነ ጥሬው ቶሎ አይበስልልሽም። በጋዜጣ ጠቅልለሽ ካርቶን ውስጥ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር ዝጊበት። የበሰለ ሙዝ የሚያወጣው ጋዝ ሌላውንም ያበስላል። ፍሪጅ ካለሽ ከበሰለ በኋላ ብቻ አስገቢው። ደግሞም ወቅት አትዝለዪ። በክረምት በለስ ከራያና ከቆቦ በኩል ሲመጣ እሱን ብሉ፣ ብርቱካን ሲወደድ ተዉት። (በለስ ሲበዛ ሆድ ያደርቃል፣ ልጆቹን ተቆጣጠሪ። ይህን የቆቦ ሰው ካንቺ በላይ ያውቃል።)

መንገድ ላይ የሚበላውንም አስቢበት። የሾፌር ምሳ አብዛኛውን ጊዜ ጥብስ ወይ ቅቅል ነው፣ ከዚያ ለስላሳ። ረቡዕና ዓርብ ግን የትም ምግብ ቤት በያይነቱ አለ። ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ፣ ሁሉም በአንድ እንጀራ ላይ። ሥጋ ስለሌለበት የማን ምግብ ቤት ነው ብሎ መምረጥ እንኳ አያስፈልገውም፤ ወሎ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። በሌላው ቀን ጥብሱን ካዘዘ ቃሪያና ቲማቲም ያስጨምር። ቃሪያን ሰው እንደ ማባያ ያየዋል እንጂ በቪታሚን ሲ ብርቱካንን ይበልጣል። በጥሬው ሲበላ ነው ታዲያ።

ስለ ጫት በደብዳቤሽ አላነሳሽም፣ እኔም አልገምትም። የሚቅም ከሆነ ግን ጫት ግፊት እንደሚጨምር ይወቅ። ጎመን በልቶ ከሰዓት መቃም ራስን ማታለል ነው።

አሁን ወጥ ቤትሽ እንግባ። ጎመንን ብዙዎቻችን እንዴት ነው የምንሠራው? ድስት ሙሉ ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንቀቅላለን፣ ውሃውን እንደፋለን፣ ጨምቀን እንከትፋለን። ቪታሚን ሲውና ፎሌት የሚባለው ቪታሚን ከውሃው ጋር ነው የሚሄዱት። ጣዕሙም አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ ጣዕሙን ለመመለስ ጨው እናበዛለን። ለግፊት ሰው ከዚህ የከፋ አሠራር የለም። እንዲህ ሞክሪ፤ ጎመኑን አጥበሽ በደቃቁ ክተፊ። ሽንኩርት በትንሽ ዘይት አቁላይ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሪ። ጎመኑን ከነእርጥበቱ አስገብተሽ ክደኚው። የራሱ ውሃ ይበቃዋል። አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ አውጪው፣ ቃሪያ ሰንጥቀሽ ጣል አድርጊበት፣ ሲቀርብ ሎሚ ጭመቂበት። ሎሚው ጨውን ያስረሳል። ዘይቱንም አትፍሪ፣ ትንሽ ዘይት ከሌለ ሰውነት በጎመንና በካሮት ውስጥ ያለውን የቪታሚን ኤ ምንጭ በደንብ አይወስደውም።

ጨውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በርበሬሽ ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ማጣፈጫ ኩቡም ጨው ነው፣ ከላዩ ደግሞ አንቺ ትጨምሪያለሽ። ኩቡን አስቀሪው። ሌላውን ቀስ በቀስ ቀንሺ፣ ምላስ ይለምዳል።

የቀይ ሥር ቅጠል ትጥያለሽ? አትጣይው። እንደ ቆስጣ ይሠራል። ቀይ ሥሩን ለሰላጣ፣ ቅጠሉን ለወጥ፤ አንድ ገዝተሽ ሁለት አትክልት ነው። ዱባም አለ፤ ርካሽ ነው፣ ሳይቆረጥ ብዙ ጊዜ ይቀመጣል፣ ጣፋጭ ስለሆነ ልጅም አዛውንትም ይወደዋል። ዱባ ወጥ ለምን ከከተማ ቤት እንደጠፋ አይገባኝም።

አማትሽን በተመለከተ ግን ቀስ በይ። «ቅጠል የበላነው ሲቸግረን ነው» ያሉት እውነታቸውን ነው። በ66ቱም በ77ቱም ድርቅ ወሎ ያየውን ያየ ሰው ቅጠል ሲቀርብለት የሚታየው ነገር አንቺና እኔ ከምናየው የተለየ ነው። ቪታሚን እያልሽ አትከራከሪያቸው። አታሸንፊም፣ ብታሸንፊም ጥሩ አይደለም። የእሳቸው ልጅ ቅጠል ሲበላ ማየት የድህነት ምልክት ከሆነባቸው፣ ጎመኑ ለብቻው ድርቅ ብሎ አይቅረብ። ከአይብ ጋር ይቅረብ፣ ወይም በሥጋ ይሠራ። ጎመን በሥጋን ማን የችግር ምግብ ይለዋል? ሥጋውን በየጊዜው ቀነስ፣ ጎመኑን ጨመር ታደርጊዋለሽ። ለእሳቸው ደግሞ ለጥርስ የማያስቸግር ፓፓያና ዱባ ይሁን። ለሆድ ድርቀትም ጥሩ ነው፣ በዚያ ዕድሜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያውም ልጆቹን ወደ እሳቸው ላኪያቸው። አጋም፣ እንጆሪ፣ ቀጋ፣ ኮሽም፣ ሾላ፤ በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ የለቀሙትን ይንገሯቸው። የደሴ ልጅ ስማቸውን እንኳ አያውቅም። ቀጋ በቪታሚን ሲ የታወቀ ፍሬ ነው። ገጠር ስትሄዱ አያትየው ቢያስለቅሟቸው ካንቺ መቶ ቃል ይበልጣል።

ልጆች አንዴ «አልፈልግም» ስላሉ አትተይው። አንድን አዲስ ምግብ ለመልመድ ልጅ አሥር ጊዜ ያህል መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። አታስገድጂ፣ አትለምኚ፣ «ጎመኑን ከጨረስክ ከረሜላ» አትበይ። እንዲህ ካልሽ ጎመኑ ቅጣት፣ ከረሜላው ሽልማት ይሆናል። ትንሽ አድርገሽ አቅርቢ፣ ራስሽ ብዪ፣ ዝም በይ። የ11 ዓመቱ ይክተፍ። የ6 ዓመቱ ቲማቲም ይጠብ። ለምሳ ዕቃቸው ሙዝ ይጠቁራልና ብርቱካን ወይም በጥሬው የተቆረጠ ካሮት ጨምሪ።

ጁስ ቤት ግን አይቆጠርልሽ። ያ ስኳር የተጨመረበት፣ ቪምቶ ከላዩ የፈሰሰበት አቮካዶ የበዓል ነገር ነው። የተጨመቀ ብርቱካንም ቢሆን ቃጫው ቀርቶ ስኳሩ ነው የሚጠጣው። ፍሬውን ራሱን ይብሉት።

አንድ ሰዓት ደግሞ ልጠቁምሽ፤ ቡና። የወሎ ቤት ሰው ሁሉ የሚሰበሰበው ቡና ላይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የተበታተነው ሰው አቦል ላይ ይገኛል። ቡና ቁርሱ ቆሎና ዳቦ ብቻ ለምን ይሆናል? ፓፓያ ወይ ብርቱካን ቆርጠሽ አብረሽ አቅርቢ። አማትሽ መጀመሪያ «ቡና በፓፓያ?» ይሉ ይሆናል። ይበሉ። ሦስተኛው ላይ ሳህኑ ባዶ ነው። ቡናውን ግን ከምሳ ጋር አታገናኙት፣ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ቡናና ሻይ ከጤፍና ከጎመን የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋሉ። በረመዳንም ፊጥር ላይ ከቴምሩ ቀጥሎ የአትክልት ሾርባ ይቅደም፣ ሳምቡሳው ይከተል። በዚያ ወር ደግሞ ክኒኑ በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

እጥበቱን አትርሺ። ከከተማ በታች በወንዝ ውሃ የሚለማ አትክልት አለ። ቦርከና የደሴንም የኮምቦልቻንም ፍሳሽ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። በጥሬው የሚበላውን ቅጠል በቅጠሉ ለይተሽ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ እጠቢው። አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍ ይረዳል፣ ግን ሁሉንም ተውሳክ አይገድልም። ከየት እንደመጣ ካላወቅሽ አብስይው። ትንሽ ጓሮ ካለሽ ደግሞ ጎመን ትከዪ። የታች የታቹን ቅጠል እየቀነጠብሽ ከአንዱ ተክል ለወራት ትበያለሽ። ጓሮ ባይኖርሽ በጆንያ አፈር ሞልተሽም ይበቅላል።

የቪታሚን ዱቄቱን አይግዛ። ዱቄቱ የጎመንን ቃጫ አይሰጠውም፣ የደም ግፊት መድኃኒትም አይደለም። አንዳንዱ ውስጥ ምን እንዳለ በትክክል አይታወቅም፣ ከክኒኑ ጋር ሊጋጭም ይችላል። ጓደኛው ራሱ ሻጩ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ በትህትና «ሐኪሜን ልጠይቅ» ይበለው። ለዱቄቱ ያሰበውን ገንዘብ መርሳ ላይ ያውጣው። ከተረፈው ላይ የቤት ግፊት መለኪያ ቢገዛ እሱን እደግፋለሁ። በክንድ የሚታሰረውን እንጂ የእጅ አንጓ ላይ የሚደረገውን አይሁን፣ ቁጥሩ ይዛባል። ከመለካቱ በፊት አምስት ደቂቃ ቁጭ ይበል፣ ቡናም በቅርብ አይጠጣ።